የጋሽ ዘርይሁን ኮሮጆ

ፈረስ ሳይኖረው የፈረስ ዕቃ የሚገዛ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እዚሁ ሮም አግኝቻለሁ። ጋሽ ዘርይሁን ይባላሉ። አውቶቡስ ላይ ቆመው ከሄዱ የሚያዞራቸው ሰው፣ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የካውቦይ የኮርቻ ኮሮጆ ገዙ። ቆዳው አበባ የተቀረጸበት፣ ግራና ቀኝ ኪስ ያለው ነው። ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ። ታዲያ ምን ይይዙበታል? ምንም! «ታሪክ ውስጥ ምሳ አይከተትም» ይላሉ።

አሎራ፣ እንግዲህ አንድ እሑድ ማኅበር ጠጥተን ስንለያይ ታሪካቸውን እትዬ አስካለ ቤት ረስተውት ሄዱ። እትዬ አስካለ ደግሞ የሰው ዕቃ ባዶውን መመለስ ነውር ነው ተብለው ያደጉ ሴት ናቸው። በአንዱ ኪስ ሽሮ፣ በሌላው በርበሬ፣ ላስቲክ እንኳ ሳያደርጉበት ገልብጠው በእኔ እጅ ላኩላቸው።

ጋሽ ዘርይሁን ከፍተው ሲያዩ መርዶ የሰሙ መሰሉ።

«ቅርሱን ገደለችው!»

«ጋሼ፣ ባዶ ነበር እኮ» አልኳቸው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ አስካለን አኮረፏቸው። ሽሮውን ግን አልመለሱም።

በቀደም ቤታቸው ብሄድ፣ ኮሮጆው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ለጣሊያን ጎረቤታቸው የኪሱን ቀይ እድፍ እያሳዩ፣ «የካውቦዩ ደም ነው፤ በጥይት ተመትቶ ነው» ይላሉ። ሰውዬው በሐዘኔታ ጠጋ ብለው አሸተቱትና ማስነጠስ ጀመሩ።

«ቫ ቤኔ፣ ምንም አይደል፣ የጀግና ደም እንዲህ ነው!» አሉ ጋሼ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው በአማርኛ አንሾካሾኩ፦

«ለአስካለ ንገሪያት፤ ሽሮው እያለቀ ነው። ኮሮጆውን ባዶውን እልክላታለሁ።»