በጭብጨባ የጸዳ አየር

ለከተማው ሕዝብ በሙሉ! የአየር መለኪያው የሚንጠለጠልበት ምስማር፣ ከረጅም ጥናትና ምክክር በኋላ፣ በጭስ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ በታላቅ ድምቀት መመታቱ በክብር ተበስሯል። መዶሻውን ያነሡት ዋና ተቆጣጣሪው ራሳቸው ናቸው። የመጀመሪያው ምት አውራ ጣታቸውን፣ ሁለተኛው ምስማሩን አገኘ፤ ለሁለቱም ተጨበጨበ።

ደንቡ ለሕፃን እንኳ ይገባል። መለኪያው ቀይ ካበራ በከሰል የሚሠራው የከተማው ኤሌክትሪክ ማመንጫ ይቆማል፤ ቀዩ ሲጠፋ ሥራውን ይቀጥላል። መለኪያው ሶኬት ላይ እንደ ተሰካ ፍም መሰለ።

"አቁሙ!" አሉ ተቆጣጣሪው በስልክ።

ማመንጫው ቆመ፤ መብራት ጠፋ። መለኪያውም ቀለቡ ከዚያው ማመንጫ ነውና ዐይኑን ከደነ።

"ቀዩ ጠፋ! አየሩ ጸድቷል፤ ቀጥሉ!"

ማመንጫው ተነሣ፤ መብራት መጣ፤ መለኪያው እንደገና ፍም መሰለ። ሲያበሩ ሲያጠፉ ሰነበቱ። በከተማው ፀጉር አስተካካይ ዘንድ ግማሽ ራሱን በኤሌክትሪክ መላጫ የተላጨ ደንበኛ፣ ግማሹን ለመጨረስ አየሩ እስኪቆሽሽ በትዕግሥት ይጠብቅ ጀመር።

የተቆጣጣሪው እናት የሚኖሩት ከማመንጫው አጥር ሥር ነው።

"ልጄ፣ ይሄ ጭስ ደረቴን በላው" አሏቸው በሳል መሐል።

"እማዬ፣ አሁን እኮ መለኪያው ጠፍቷል። አየሩ ንጹሕ ነው።"

"ታዲያ ምን ያስለኛል?"

"ልማድ ይሆናል።"

"ልማድ ይንቀልህ! እስቲ አንተ እዚህ ሰንብት።"

ተቆጣጣሪው ስብሰባ እንዳለባቸው ትዝ አላቸው።

ስብሰባው ላይ የማመንጫው ሥራ አስኪያጅ ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሣ።

"ክቡርነትዎ፣ መለኪያው ሲጠፋ አየሩ ንጹሕ ነው አይደል?"

"ደጋግመን አረጋግጠናል።"

"ታዲያ እኛን ከምታጠፉን እሱን ብታጠፉትስ?"

ሰውና ጭስ መውጫ አያጣም የተባለው ለካ እውነት ነው! መለኪያው በዚያው በጭብጨባ ተነቀለ። ማመንጫው ከዚያ ወዲያ ለአፍታ አልቆመም፤ ከተማዋም የንጹሕ አየር ከተማ ተብላ ታወጀች። አዋጁ የተጻፈበት ነጭ ጨርቅ ገና ተነቦ ሳያልቅ ጠቆረ።

"ዛሬ የምንተነፍሰው አየር የአመራራችን ውጤት ነው!" አሉ ተቆጣጣሪው ከማመንጫው አጠገብ ባለው አደባባይ፣ በእጅ በሚያዝ ድምፅ ማጉያ። ይህን ሊክድ የደፈረ አልተገኘም።

ንግግሩ ሳያልቅ ጎረቤት እየሮጠ መጣ፤ እናታቸው ትንፋሽ አጥሯቸው ደጃፍ ላይ ወድቀዋል። ተቆጣጣሪው ማጉያውን እንደ ያዙ በረሩ። እናታቸውን ደግፈው ሲያነሡ በእጃቸው የቀረው ማጉያ የእናትየውን ሳል ለአደባባዩ ሁሉ አሰማ። ሕዝቡ ንግግሩ የቀጠለ መስሎት አጨበጨበ።

በማግሥቱ ጠዋት ከአጥሩ ሥር አንዲት የጭነት መኪና ቆመች። እናትየው ጋቢና ውስጥ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ተቀምጠዋል። ተቆጣጣሪው ፍራሽ ተሸክመው ሲንገዳገዱ ፀጉር አስተካካዩ ደረሰላቸው።

"እማማን ወዴት ነው?"

"ከኮረብታው ጀርባ ቤት ተከራይቻለሁ።"

"ጭሱ የማይደርስበት?"

"ምን ጭስ?"

"ኧረ ልክ ነዎት፣ ጭስማ የለም። ታዲያ ጌታዬ፣ ከንጹሕ አየር ሸሽተው ወደ ምን አየር ነው የሚወስዷቸው?"

ከጋቢናው ረጅም ሳል ተሰማ። ተቆጣጣሪው ወደ ማመንጫው ጭስ ማውጫ ቀና አሉ፤ ወዲያው አቀረቀሩ።

"አልናገርም" አሉ። "በዚያ በኩል ያዝልኝ።"