ሊቀ ጉድለት አያ አራጌና የመኪናቸው ቀለም

በየከተማው ማንም ያላየውን እንከን የሚያይ አንድ ሰው አይጠፋም። ሰርግ ላይ ሁሉ እልል ሲል እሱ የድንኳኑ ምሰሶ መዝመሙን ያያል። ቤት ሲመረቅ ሁሉ አሜን ሲል እሱ አንገቱን ሰበር አድርጎ የግድግዳውን ጥግ ይለካል። ቆቦ ላይ ይህ ሹመት የአያ አራጌ ነው። ሕዝቡም "ሊቀ ጉድለት" የሚለውን ማዕረግ ከሰጣቸው ቆይቷል። ፀጉር አስተካካዩ እሳቸው ሲገቡ ሁለተኛ መስታወት ያወጣል። ልብስ ሰፊው ጀሚል ሱሪያቸውን ከማስረከቡ በፊት ቢስሚላህ ይላል። ክቡርነታቸው ሁልጊዜ የሚጀምሩት "ጥሩ ነው፤ ግን..." ብለው ነው። ከዚያች "ግን" ወዲያ ያለውን ሰምቶ እንቅልፍ የተኛ ባለሙያ እስካሁን አልተገኘም።

ቀለም ቀቢው ረመዳን ከዚህ መዓት ለዓመታት አምልጦ ኖሯል። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ግን የአያ አራጌ አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና እያጓራች መጥታ፣ ወደ ዋጃ በሚወስደው አስፋልት ዳር ካለው ጋራዡ በር ላይ ቆመች። አያ አራጌ ከጋቢናዋ ወርደው ሰባት ዕቃ አሳዩት፦ ሁለት የስፖኪዮ ክንድ፣ ሁለት የመብራት ቀለበት፣ አንድ የበር እጀታ፣ አንድ መወጣጫና የነዳጅ ክዳን። መኪናይቱ ሰማያዊ ናት። ዕቃዎቹ ግን የዋናዎቹ ምትክ ሆነው ከየመኪናው ሬሳ የተለቀሙ ስለነበሩ አንዱ ቀይ፣ ሌላው ጥቁር፣ ክዳኑ ደግሞ ቢጫ ነበር።

"ልጄ፣ ፋብሪካው የቀባትን ቀለም እፈልጋለሁ። እስከ ቅዳሜ ረፋድ።"

"ሙሉዋን ብንቀባትስ፣ አያ? እሱ ይቀላል።"

"እሷን እንዳትነካት! እነዚህን ብቻ።"

ረመዳን ፀሐይ ያልነካውን የበሩን የውስጥ ጠርዝ አይቶ ቀለም በጠበጠ፤ እጀታዋን ቀባና ረቡዕ ጠዋት አቀረበ። አያ አራጌ እጀታዋን ከበሩ ጋር አስጠግተው አዩ፤ ጥላ ውስጥ አዩ፤ ፀሐይ ላይ አዩ።

"ጥሩ ነው፤ ግን ይሄ የወጣትነቷ ቀለም ነው። አሁን አርጅታለች።"

ረመዳን ነጭ ጨመረበት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ፣ "ጥሩ ነው፤ ግን ይሄ የራያ ፀሐይ ቀለም እንጂ የሷ አይደለም" ተባለ። መንገደኛ እየተጠራ ምስክር ሆነ። ሻይ ሻጯ በላይነሽ "ሁሉም ሰማያዊ ነው እኮ!" ብትል፣ ክቡርነታቸው ሃይማኖቷን የካደች ይመስል ገላመጧት። ማታ ሚስቱ ኡሙሃኒ ሻይ ስታቀርብለት፣ ረመዳን ብርጭቆውን ወደ አምፖሉ አንስቶ ቀለሙን ሲመረምር አገኘችው። "የሰውየው አመል ተጋባብህ?" አለችው።

ሐሙስ አራተኛው ቅብ ሲመለስበት ትዕግሥቱ አለቀ። "አያ አራጌ! የስፖኪዮ ክንድ ነው! ማን ሊያየው ነው?"

አያ አራጌ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አሉ። "ጌጤ" አሉ።

ጌጤ ሚስታቸው ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው አራት ዓመት አልፎታል። ሰኞ ደሴ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ቅዳሜ ይመለሳሉ።

"ይህችን መኪና የመረጠቻት እሷ ናት" አሉ አያ አራጌ። "እኔ ቀይዋን ልገዛ ነበር። 'ይቺ ዝናብ ያባራ ዕለት ያለውን ሰማይ ትመስላለች' አለችኝ። ዓይኗ ሲከዳት ጊዜ፣ አንድ ዕቃ በተሰበረ ቁጥር ያገኘሁትን እገጥም ጀመር። አታይም ብዬ እኮ ነው! አታለልኳት። አሁን ደግሞ ሐኪሙ ታያለች ብሎ ቃል አልሰጠንም። ፋሻው ከተፈታ ጀምሮ በስልክ ስጠይቃት 'ደህና ነኝ' ብቻ ነው የምትለኝ። ደህና ነኝ ምን ማለት ነው፣ ረመዳን? ታያለች ነው ወይስ አታይም?"

ረመዳን ተነሥቶ እንደገና ቀለም በጠበጠ።

ዓርብ ከጁምዓ መልስ ሰባቱም ዕቃዎች ሰመሩ። አያ አራጌ አዩና "ጥሩ ነው" አሉ። ረመዳን "ግን"ን ጠበቀ። አልመጣችም። ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ግን፣ የነዳጅ ክዳኗ ለሱ ለራሱ ትንሽ የፈዘዘች መሰለችው።

"ተወው ልጄ፣ ይበቃል" አሉ አያ አራጌ።

"አይበቃም፣ ወላሂ!" ብሎ ክዳኗን ፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃት ጀመር።

የቀለም መርጫውን እንዳነሣ የአያ አራጌ ስልክ ጠራ። ከደሴ ይዛቸው የምትመለሰው የጌጤ እህት ናት። "ጎብዬን አለፍን፤ ልንደርስ ነው፤ ቀጥታ ጋራዡ ጋ እንመጣለን" አለች። ከሜዳው የተነሣው ነፋስ አቧራውን እየነዳ ሲመጣ፣ ሊቀ ጉድለት ሸራ ዘርግተው እንደ ግድግዳ ቆሙ። ረመዳን ረጨ። ቀለሙ ሲደርቅ ግን ጠቆር አለ። እንደገና ለመፋቅ ጊዜ የለም። ጥብቅ አድርጎ ገጠማት።

ሚኒባሱ ጋራዡ በር ላይ ቆመ። ወይዘሮ ጌጤ ጥቁር መነጽር አድርገው፣ በእህታቸው ክንድ ተደግፈው ወረዱ። መደገፋቸውን ሲያይ ረመዳን "አልዳኑም" አለ በልቡ። አያ አራጌ ሸራውን እንደያዙ ከቆሙበት ቀሩ።

ወይዘሮዋ የእህታቸውን ክንድ ለቀው ወደ መኪናዋ ቀረቡ፤ መነጽራቸውንም አወለቁ። የመብራቱን ቀለበት ዳሰሱ፤ ቀና ብለው ወደ ስፖኪዮው ዞሩ። በጎን በኩል ቀስ እያሉ ሄደው ነዳጅ ታንኩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፤ ጎንበስ አሉ።

"አራጌ፣ ይቺ ክዳን ከሌላው ጠቆር አላለችም?"

ረመዳን መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። "እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ አሁኑኑ..."

አያ አራጌ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት። "ምን አልሽ ጌጤ? እስቲ ድገሚው።"

"ጠቁራለች አልኩ። ብዙም አይደል፤ ትንሽ።"

"አየቻት!" አሉ አያ አራጌ። "ትንሿን አየቻት!" የረመዳንን ራስ ሳብ አድርገው ቀለም የነካውን ፀጉሩን ሳሙት፤ እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ።

"ምን ነካው ይሄ ሰው?" አሉ ወይዘሮ ጌጤ።

ረመዳን ዓይኑን በያዘው ጨርቅ ጠረገ፤ ጨርቁ ቲነር ነበረበትና እንባው ባሰበት። እንደ ምንም ብሎ፣ ግማሽ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ብርጭቆ ወረቀቱን አነሣና ወደ ክዳኗ ሄደ።

አያ አራጌ ታንኩን በጀርባቸው ከልለው ቆሙ።

"እጅህን ሰብስብ! ምን ጎደላት?"