የልደታው ሊቀ ሠራዝያን

የሌላ ሰው ጽሑፍ እጁ ሲገባ ሳይሰርዝ መመለስ የማይችል ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የሠርግ መጥሪያ ስጡት፣ ይሰርዛል። የሐዘን ደብዳቤ አሳዩት፣ ከሟች ስም በቀር የሚተርፍ የለም። ይህን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ብዙዎቻችንም ሸሽተነዋል። ፈቃደ ግን በጣሊያን ጊዜ፣ በሃያ አራት ዓመቱ፣ በገዛ እግሩ ሄዶ ደጅ ጠናው።

ሰውየው አቶ ዓባይነህ ነበሩ። ከወረራው በፊት የታወቁ ነገረ ፈጅ ናቸው፤ ችሎት ፊት ቆመው አንዴ መናገር ከጀመሩ ዳኛው ምሳውን ይረሳ ነበር ይባላል። ጣሊያን ሲገባ ያ ሁሉ ቀረ። አሁን ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ባለው ግቢያቸው፣ ነገረ ፈጅ መሆን ለሚፈልጉ አምስት ስድስት ጎልማሶች አቤቱታ መጻፍ ያስተምራሉ። ደቀ መዛሙርቱ ከጀርባቸው «ሊቀ ሠራዝያን» የሚል ማዕረግ ሰጥተዋቸዋል።

ትምህርታቸው ሦስት ጥያቄ ነው። «ማን ነህ? ምን ሆንክ? ምን ይደረግልህ? ከዚህ የተረፈውን ለዘመዶችህ ንገራቸው።»

የጌጃ ሰፈሩ ኩማ፣ ወታደሮች በቅሎውን ለነዱበት ጎረቤቱ አቤቱታ ጽፎ መጣ። አንድ ሙሉ ገጽ የጣሊያኑን ሹም ከፀሐይ ጋር ሲያመሳስል ቆይቶ፣ በቅሎዋ ብቅ የምትለው ከገጹ ግርጌ ነው። አቶ ዓባይነህ እርሳሳቸውን አነሡ።

«ኩማ፣ ፀሐይ በቅሎ ስትመልስ አይተህ ታውቃለህ?»

«ኧረ የኔታ፣ ለክብራቸው ብዬ ነው።»

«ለክብራቸው በቅሎዋን አስቀድማት።»

ፈቃደ ስለ አንድ እስረኛ የጻፈውን ሲያቀርብ ደግሞ «ከጥንት ከአባቶቻችን ጀምሮ» የሚለው ላይ ቆሙ።

«ሰውየው መቼ ታሰረ?»

«ማክሰኞ።»

«እንግዲያው ከማክሰኞ ጀምር። አባቶቻችን ይረፉበት።»

ባለቤታቸው እትዬ ወለተሰንበት ይህን ከጓዳ ሆነው ሲሰሙ ዝም አይሉም። «አይ ሰው! እኔን ለማጨት የላኳቸው ሽማግሌዎች፣ እሳቸው ያስጠኗቸውን ተናግረው ሳይጨርሱ መሸ። አባቴ የሰጠኝ እንዲሄዱለት ነው።»

«ያ ሌላ ዘመን ነው፤» ይላሉ አቶ ዓባይነህ፣ እርሳሳቸውን እየቀረጹ።

ለጭካኔያቸው ምክንያት ነበራቸው። ጣሊያን በገባ በመጀመሪያው ዓመት አንድ የሰንጋ ተራ ሰው ወንድሙ ታስሮበት አቤቱታ አጻፈ። ሹሙ አማርኛ ስለማያውቅ አስተርጓሚው እያነበበ ይነግረዋል። ምስጋናው ብቻ ሁለት ገጽ ነበር። አስተርጓሚው ደከመውና «ሰላም ሊልዎት ነው የመጣው» ብሎ ዘጋው። ሹሙም ደስ ብሎት «እኔም ሰላም ብዬዋለሁ» አለና አሰናበተው። ወንድሙ በዚያው ሳምንት ወዴት እንደተወሰደ እስካሁን የሚያውቅ የለም። ያንን አቤቱታ ማን እንደጻፈው አቶ ዓባይነህ ተናግረው አያውቁም፤ ደቀ መዛሙርቱም ጠይቀው አያውቁም።

በሰኔ 1930 ለራሳቸው ትእዛዝ መጣባቸው። ግቢው ለመኪና ጋራዥ ስለሚፈለግ እስከ ቅዳሜ እንዲለቁ ይላል። ሰኞና ማክሰኞ ትምህርት ቀረ። ረቡዕ ጠዋት እትዬ ወለተሰንበት ፈቃደን አስጠሩት።

«ልጄ፣ ይኸው ሲጽፉ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። እኔን አይሰሙኝም፤ አንተ ግባ።»

ፈቃደ ወረቀቱን ተቀበለ። አምስት ገጽ ነው። ከአባታቸው ርስት ይጀምራል፤ እናታቸው የተከሏት ወይራ አለች፤ በዚያ ቤት የተወለዱት ሦስት ልጆች አሉ፤ ከሦስቱ በልደታ አጸድ ያረፉት ሁለቱ አሉ። በአራተኛው ገጽ ላይ ሹሙ ፀሐይ ሆኖ ወጥቷል። ፈቃደ ግን እንዲህ ያለ ውብ አማርኛ አንብቦ አያውቅም።

«የኔታ፣ ምን ይደረግልኝ ነው የሚሉት?»

«ቤቴን አልለቅም ነው።»

«እሱን አይሰጡንም። ክረምቱን ግን ሊሰጡን ይችላሉ።»

«እኔ ክረምት መቼ ለመንኩ?»

«ቅዳሜ እኮ ደረሰ፣ የኔታ።»

አቶ ዓባይነህ እርሳሱን አቀበሉት። ፈቃደ መሰረዝ ሲጀምር ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ።

«ወይራዋስ?»

«እሷም ትወጣለች።»

ዓርብ ዕለት አስተርጓሚው ሦስቱን መስመር በአንድ ትንፋሽ ጨረሰ። ዓባይነህ እባላለሁ። ቤቴን እስከ ቅዳሜ ልቀቅ ተብያለሁ። ክረምቱ እስኪወጣ እንዲቆይልኝ እለምናለሁ። ሹሙ «ይሁን» ብሎ ፈረመ።

ፈቃደ ከዚያ ወዲህ ብዙ ችሎት ፊት ቆሟል፤ ያመሰገኑት ዳኞችም ጥቂት አይደሉም። የሚናፍቀው ግን ያንን ክረምት ነው። ጣሪያው እያፈሰሰ፣ ኩማ ወረቀቱን በጋቢው ከልሎ ሲሰደብ፣ እትዬ ወለተሰንበት ከጓዳ ሆነው ለተሰዳቢው ሲያግዙ።

መስከረም ሲጠባ ዕቃው ወጣ። ባዶው ክፍል ውስጥ አቶ ዓባይነህ አምስቱን ገጽ ከኪሳቸው አውጥተው ለፈቃደ ሰጡት።

«አንብበው። የሰረዝከውንም።»

ፈቃደ ቆሞ፣ ከርስቱ እስከ መጨረሻው ምስጋና፣ አንድ ቃል ሳያስቀር አነበበ። ኩማ የተሸከመውን ሣጥን ሳያወርድ ሰማ። እትዬ ወለተሰንበት መቃኑን ተደግፈው አለቀሱ። ሲያበቃ አቶ ዓባይነህ ጥቂት አሰቡ።

«አጥሯል፤» አሉ።