የአያ አላምረው መጻሕፍትና የሁዳዴ እንቁላል

አያ አላምረውን በደንብ አውቃቸዋለሁ ብል ማጋነን ይሆንብኛል። ቤታቸው ገብቼ አላውቅም። ነገር ግን ሳይወልድ የወላድ ሁሉ መካሪ የሆነ ሰው የሌለበት ሰፈር በዓለም ላይ የለም፤ የእኛም የጎንደር ሰፈር ከዚህ ዕጣ አላመለጠም።

ልጅን ሀብታም የማድረግ ሊቀ ጠበብት አያ አላምረው ከቆዳ ቦርሳቸው ተለይተው አይታዩም። በውስጡ ልጅን ባለጸጋ አድርገው የሚያሳድጉ መጻሕፍት አሉ። እንደ ሐኪም ያዝዛሉ። ለአባካኝ ልጅ «የልጅ ኪስ»፣ ጧት ጧት አንድ ገጽ። ለሰነፍ ልጅ «ቆጣቢው አባት»፤ እሱን የሚያነበው አባትየው ነው። ወላጅ ካመነታ፣ «ልጅ ያለ መጽሐፍ ያድጋል እንጂ አይለማም» ይሉታል። ከሁሉ የሚያከብሩት ጣሊያን ጥሎት የሄደውን ልባሱ የተገነጠለ መጽሐፍ ነው። በሰፈሩ ጣሊያንኛ አነብባለሁ የሚል ሌላ ሰው ስለሌለ ትርጉማቸው አከራክሮ አያውቅም።

ባንድ የጥር ቀን እኔንም ደጃፌ ላይ ያዙኝ።

«ለልጅህ ለአልማዝ ምን ታስነብባታለህ?»

«የትምህርት ቤቷን፣ አያ አላምረው።»

«እሱማ ደመወዝተኛ ያደርጋታል፤ እንዳንተ።»

ቀጥለው የጣሊያኑን መጽሐፍ ገለጡ። ልጅ ንግድ የሚለምደው ዶሮ አርብቶ እንቁላል ሲሸጥ ነው ይላል። እኔ እምቢ ማለት የማይሆንልኝ ሰው ነኝ፤ አንዲት ዶሮ ገዛሁላት። ሰፈሩም ሁሉ ለልጁ ገዛ።

ዶሮዎቹ ቤቱን ለምደው መጣል ሲጀምሩ ሁዳዴ ገባ።

መጽሐፉን የጻፈው ሰውዬ ሁዳዴን ባያውቅ አይፈረድበትም። የሚገርመው በየዓመቱ የምንጾመው እኛ መርሳታችን ነው። እንቁላሉ ተከመረ፤ ገዢ ጠፋ። ባለቤቴ ስንዱም ፈረደች፦ «ይቺ ዶሮ እህል ጨርሳ ገንዘብ ካላመጣች፣ ለፋሲካ ወጥ ትሆናለች።»

አልማዝ ዶሮዋን «እሜቴ» ብላ ሰይማት ነበር። እያለቀሰች እንቁላሏን በቅርጫት ይዛ ወደ አዲስ ዓለም ሰፈር ወረደች፤ እዚያ ያሉት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሁዳዴን አይጾሙምና። ባዶ ቅርጫት ይዛ እየሳቀች ተመለሰች። ጨርቅ ነጋዴዋ ወይዘሮ ጦይባ ሁሉንም ገዝታላታለች። በሚቀጥለው ሳምንትም ገዛች፤ የሌሎቹንም ልጆች እንዲሁ። ለፋሲካ ስንዱ ሌላ ዶሮ ከገበያ አመጣች። እሜቴ ተረፈች።

ጦይባን ለማመስገን ሄድሁ።

«ምነው፣ እኔ የሰፈሩ ሁሉ እንቁላል ምን ያደርግልኛል?» አለች ጨርቋን እያጠፈች። «አያ አላምረው ናቸው። ገንዘቡን ሰጥተው፣ ‹ግዢላቸው፤ እኔ መሆኔን ግን እንዳትናገሪ› አሉኝ። እንቁላሉን የኛ ሰፈር ልጆች ጠገቡት። አንተም ምንም አልሰማህም።»

እኔም አልሰማሁም። ግን በማግስቱ አያ አላምረውን መንገድ ላይ ሳገኛቸው የቆዳ ቦርሳው የለም። መጻሕፍቱን ባሮጌ ነጠላ ቋጥረው በብብታቸው ይዘዋል። የእንቁላሉ ገንዘብ ከየት እንደመጣ ያኔ ገባኝ። ስለ ሀብት ይህን ያህል መጽሐፍ የተሸከመ፣ ሀብት ግን ይህን ያህል የሸሸው ሰው አይቼ አላውቅም። ሰው ለመጠየቅ የማልደፍረው እኔ አፌ አመለጠኝ።

«አያ አላምረው፣ በሁዳዴ እንቁላል መግዛት በየትኛው ምዕራፍ ነው የተጻፈው?»

ቋጠሯቸውን ፈቱ። የጣሊያኑን መጽሐፍ አውጥተው ገጹን አንድ ባንድ ገለጡ። ሲጨርሱ መልሰው ቋጠሩና ቀና ብለው አዩኝ።

«እሜቴ ደኅና ናት?» አሉኝ።