አርፋ የማታውቀው ሐረገወይን

በየሰፈሩ አንዲት የማትቀመጥ ሴት አለች፤ ሌላው ሰው ሁሉ የሚቀመጠው እሷ ስላለች ነው። የእኛ ሰፈር፣ ጎንደር ላይ፣ የታደለው ክብርት ወይዘሮ ሐረገወይንን ነበር።

ክብርት ወይዘሮዋ ጌሾ ወቅጣ፣ የጎረቤት በርበሬ ደልዛ፣ ጠዳ ገበያ በእግሯ ደርሳ ስትመለስ፣ ባሏ አያ በላቸው ገና ፊቱን አልታጠበም። በሐምሌ ብርድ እኛ በጋቢ ተጠቅልለን እንንቀጠቀጣለን፤ እሷ ነጠላዋን ጥላ፣ ላቧን እየጠረገች፣ "ምነው ቤቱን አነደዳችሁት?" ትላለች። የሁለት ሰው ትበላለች፣ እንደ ጧፍ ትቀጥናለች። ትል ነው ተብሎ ኮሶ ጠጣች፤ አልሆነም፣ ደግማ ጠጣች። ኮሶው ሆዷን እያመሰውም የሰው ተዝካር ደገሰች። ማኅበርተኛው ቁጭ ብሎ "ሸጋ ሴት!" እያለ አመሰገናት። እኔም ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ስመጣ፣ እየፈጠጡ የሄዱ ዐይኖቿን አይቼ ግጥም ጻፍኩላቸው።

አንድ ቀን ከነእንስራዋ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ሐኪም ቤት አደረስናት፤ ሐኪሙ ፈረንጅ ነበርና እኔ አስተረጎምኩ። አንገቷን ዳሰሰ። እጇን አዘርግቶ ጣቶቿ ላይ ወረቀት አኖረ፤ ወረቀቱ ነፋስ በሌለበት ክፍል ተርገበገበ። አንገት ላይ ያለች ትንሽ እጢ የሰውነትን ፍጥነት እንደምትወስን፣ የሐረገወይን እጢ ግን ከልክ በላይ እንደምትሠራ አስረዳን። የምትበላው በከንቱ ይነዳል፤ ልቧ እሷ ተኝታ እንኳ ዳገት ይወጣል። ክኒን በየቀኑ ትውሰድ፤ ካልበቃት እጢዋ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ካቋረጠች ግን ልቧ ይከዳታል። ሰፈራችን ያን ሁሉ ዓመት ሲያመሰግን የኖረው በሽታዋን ነው።

ክኒኑ ሠራ። ሥጋ አወጣች፣ እጇ ረጋ፣ ሰው ሲልካት "አይሆንም" ማለት ጀመረች። ሰፈሩ ሐዘን ተቀመጠ። አያ በላቸው የሰው ሚስት መለሱልኝ ብሎ ለመንገደኛው ሁሉ አቤት አለ።

የደብሩ ንግሥ ሲቃረብ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማኅበርተኛውን የሚመራው አያ ቢያዝን፣ ሽማግሌነቱን ይዞ መጣ። ስለ ጽድቅ፣ ስለ በረከት፣ ስለ ጠላው መቅጠን ረዘም አድርጎ ተናገረ። በመጨረሻ፣

"እታለም፣ ክኒኑን እስከ ንግሡ ብቻ ተይው፤ ያችን የድሮዋን ሐረገወይን ለሰሞኑ መልሽልን" አላት።

ክኒኗን አወጣች፤ ዐይኑ እያየ በውኃ ዋጠችው።

"ያችኛዋ ልትሞት ነበር፣ አያ። ተዝካሯን ማን ሊደግስላት ኖሯል?"

አያ ቢያዝን ባርኔጣውን ፈለገ።

በንግሡ ቀን ወጡ አረረ፤ ጋኑን አያ ቢያዝን ራሱ ተሸክሞ ወገቡን ያዘ። እኔ ከምንጭ ውኃ ሳመላልስ መዳፌ ተላጠ። ሐረገወይን ከቤቷ ግድግዳ ሥር ፀሐይ ላይ ተኝታ ነበር፤ ደረቷ ቀስ ብሎ ከፍ፣ ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል። እንዲህ ያለ ቆንጆ ነገር አይቼ አላውቅም። እናኑ ጎረቤቷ፣ ያረረውን ወጥ ታድንልን ብላ ልትቀሰቅሳት መጣች።

እንስራዬን መሬት አስቀመጥኩና መንገዷ ላይ ቆምኩ።