የእትዬ የሺ ወባ

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልናገር፤ በኋላ ሰው እንዳይታዘበኝ። የማወጋችሁ ነገር ብዙ ክረምት አልፎበታል፤ የኢሉባቦር ክረምት ደግሞ እንኳን ትዝታን የቤት ክዳንም ያበሰብሳል። ስለዚህ እሑድ ያልኩት ቅዳሜ ሊሆን ይችላል፤ ዳማ ያልኳት በቅሎም ቦራ ትሆን ይሆናል። ዋናውን ነገር ግን አልሳትኩም። ስቷል የምትሉ ካላችሁ እናንተው አርሙት፤ እኔ ከሰው ጋር አልከራከርም።

የእኛ አገር ወንድ ስለ ከብት የማያውቀው ነገር የለም። ላሚቱ መቼ ኮርማ እንደምትፈልግ፣ መቼ እንደምትወልድ፣ መቼ እንደምትነጥፍ ጅራቷን አይቶ ይናገራል። ዶሮዋ እንቁላል ስታቆም ዕድሜዋን ቆጥሮ ይፈርዳል። ንብ ከቀፎዋ ልትሰደድ ስትል ጆሮውን ቀፎው ላይ ለጥፎ ሐሳቧን ያውቅባታል። ይህ ሁሉ ዕውቀት ያለው ሰው፣ በአንድ ጣሪያ ሥር አብራው ያረጀችው ሚስቱ አንድ ቀን ወዟ ሲለወጥ፣ «ምን ነካት?» ብሎ ጎረቤቱን ይጠይቃል። ጎረቤቱም ወንድ ነው።

ጠላት ከአገር ከወጣ በኋላ ባሉት ዓመታት እኔ መቱ ከተማ በአንድ ነጋዴ የቡና መጋዘን ውስጥ ጆንያ እሰፋ ነበር። የምኖረው ከጋሼ ተክሌ ግቢ፣ ከጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ጋሼ ተክሌ ቡና ሰብሳቢ ነኝ ይሉ ነበር። ወደ ቡሬ ገበያ በዳማ በቅሏቸው ሄደው ሲመለሱ ግን በቅሎዋ ባዶዋን ትመጣለች፤ ሰብስበው የሚመጡት ወሬ ነው። ቤቱን የሚያቆመው የሚስታቸው የእትዬ የሺ ጠጅ ነበር። ማሩ ከሁሩሙ ይመጣል፤ የምታመጣው አዴ ጫልቱ የምትባል፣ ሳቋ ከገበያው ማዶ የሚሰማ ሴት ናት። የጠጅ ቤቱ ቁልፍ ከእትዬ የሺ መቀነት ወርዶ አያውቅም። ልጅ አልወለዱም። ያ ቁልፍ ብቻ ነበር «የእኔ» የሚሉት፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

አንድ ዓመት፣ ክረምቱ እየወጣ ሳለ፣ እትዬ የሺ ታመሙ። ጠዋት ሲነሱ አጥንታቸው ሌሊቱን ሙሉ ሲወቀጥ ያደረ ይመስላቸዋል። ቁርጥማት አለ፤ ራስ ምታት አለ። ድንገት ደግሞ አንድ ሙቀት ከደረታቸው ይነሣና ፊታቸውን አቅልቶ በላብ ያጠምቃቸዋል። ጋቢያቸውን ወዲያ ይወረውራሉ፤ ላቡ ሳይደርቅ ብርድ ብርድ ይላቸውና ያንኑ ጋቢ ፍለጋ ይገባሉ። ጉንፋን እንዳይባል አፍንጫቸው ደረቅ ነው። ሳምንት ጠፍቶ ይመለሳል። ድካሙ ግን አይሄድም፤ ለአንድ ብርሌ ጠጅ ከወንበር መነሣት ተራራ ሆነባቸው።

ሊቃውንቱ ተሰበሰቡ። አንዱ «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ጨምቆ አጠጣቸው። ሌላው ቆላ ወርዶ የማያውቅ ሰው ሳለ «የጋምቤላ ነፋስ ነው» አለ። ድሬሰሩ ተጠርቶ መጣ፤ ቁስል ከማሰር በላይ ሥልጣን ባይኖረውም እኛ «ዶክተር» ነበር የምንለው። ግንባራቸውን ዳሰሰና «ወባ» አለ። ኪኒን ሰጣቸው፤ ጆሯቸው ጮኸ። መርፌ ወጋቸው፤ መቀመጥ አቃታቸው። ወባው ግን እንዳለ ነው። ያን ጊዜ ሁሉ አንድም ሰው ዕድሜያቸውን አልጠየቀም። የሴት ዕድሜ መጠየቅ ነውር ነዋ! መቀመጫዋን በመርፌ መውጋት ግን ነውር አይደለም።

የጋሼ ተክሌ ታናሽ ወንድም ወርቁ፣ ከቡሬ «ለጥየቃ» መጥቶ ያልሄደ ሰው ነው፤ «ይሄ የሚጋባ በሽታ ነው» አለ። ይህን ሲል ዓይኑ እትዬ የሺ ፊት ላይ አልነበረም። መቀነታቸው ላይ ነበር።

እኔ ጠንቃቃ ሰው ነኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የራሴን ብርሌ በአንገቱ ላይ ቀይ ክር አሰርኩበትና በአመድ እያጠብኩ ለብቻዬ መጠጣት ጀመርኩ። ጠጁ ከአንድ ጋን እንደሚቀዳ ትዝ ያለኝ ቆይቶ ነው።

እትዬ የሺ ግን የያዛቸውን ያውቁ ነበር። ይህን የሰማሁት ነገሩ ካለፈ በኋላ፣ ለአዴ ጫልቱ ሲያወጉ ነው። እናታቸውም በዚያ ዕድሜ እንዲሁ ሆነው ነበር። ታዲያ ለምን ዝም አሉ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? ይባላል። ግን ልጅ ያልወለደች ሴት «አረጠች» ከተባለች የባል ዘመድ ምን እንደሚያደርግ እናንተም ታውቃላችሁ፤ በማግስቱ አንዲት የአሥራ ምናምን ዓመት ልጅ «ለሥራ እንድታግዝ» ተብላ ትመጣለች። ደግሞም ሌላ ምክንያት ነበራቸው። «ደከመኝ» ብትል የሚሰማት ሴት የለችም፤ «ወባ ያዘኝ» ስትል ግን አልጋ ይነጠፍላታል። ካገቡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፀሐይ ወጥታ ሳለ ተኝተው አረፈዱ። እንዲህ ያለውን ወባ ማን ያባርራል?

እሳቸው ሲተኙ ግን የጠጁ ሥራ አልተኛም። ትልቁ ገበያ ደርሷል፤ ማሩም ገብቷል። ጋሼ ተክሌ ሱሪያቸውን ሰብስበው «ይህቺን ያህል ምን አላት!» አሉና ገቡበት። ጋን ማጠብ አይታችሁ እንደሆነ አላውቅም። ግራዋውን ይዞ እስከ ወገብ ጋኑ ውስጥ ገብቶ መፈተግ ነው። ከውጭ የሚታየው እግር ብቻ ነው፤ እግሩም ይራገማል። ወርቁ ጌሾ ሲያፈላ እሳት ላይ ተደፍቶ ዋለ። እኔንም «አንተ ሥራ የለህ» ብለው ከሶር ወንዝ በኩል ውኃ አስቀዱኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ሁላችንም ታመምን።

ጋሼ ተክሌ ጠዋት መነሣት አቃታቸው፤ ወገባቸው፣ ትከሻቸው፣ ጉልበታቸው ተራ በተራ ከሰሳቸው። ወርቁ «ደረቴን እሳት ይለኛል፤ ከዚያ ያልበኛል» አለ። እኔም ለራሴ ስል ሁለት ጋቢና አንድ ጆንያ ደርቤ ብተኛ በላብ ታጥቤ ነቃሁ፤ ይብላኝ ለእናቴ ብዬ አለቀስኩ። ወርቁ አጨበጨበ። «አላልኳችሁም? ተጋባ!»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጠጅ ቤቱ ውስጥ ጉባኤ ተቀመጠ። አንድ ዓይነ ስውር ሊሆኑ ትንሽ የቀራቸው የሰፈር ሽማግሌ በመካከል፣ ድሬሰሩ በቀኝ፣ እኛ ሦስት ሕሙማን በግራ። አዴ ጫልቱ የማር እንስራዋን ይዛ ከበሩ ሥር ተቀምጣለች። ጉዳዩ ተነገረ፤ የሺ አየር እንድትለውጥ ወደ ጎሬ ትሂድ። ጎሬ ደጋ ነው፤ አክስቷም እዚያ አለች። እስኪሻላት ቁልፉን ወርቁ ይያዝ። መቼ እንደሚሻላት አልተነገረም። ድሬሰሩ «ጎሬ ለወባ ጥሩ ነው» ብሎ አጸደቀው። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ፤ አለቀ።

እትዬ የሺ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ወጡ። ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀልቷል፤ በነጠላቸው ጫፍ አንገታቸውን እየጠረጉ መካከላችን ቆሙ።

«የሺ፣ የያዘሽ ነገር ይጋባል» አሉ ጋሼ ተክሌ በለሰለሰ ድምፅ። «እኔን ያዘኝ፣ ወርቁን ያዘው፣ ይሄንን ምስኪንም ያዘው።» ምስኪኑ እኔ ነኝ።

«እግዚአብሔር ይማራችሁ። ምን ምን ይላችኋል?»

«ድካም። ወገብ።»

«እኔን ላብ» አለ ወርቁ።

«እኔንም ላብ» አልኩ።

«ደሙስ?» አሉ እትዬ የሺ።

«የምን ደም?»

«የወር አበባችሁ ነዋ! የእኔማ መጣ ሲሉት ይቀራል፤ ቀረ ሲሉት ይመጣል። የእናንተስ እንዴት አደረጋችሁ?»

እኔ ብርሌዬ ላይ አፈጠጥኩ። ድሬሰሩ ጫማውን አየ። ሽማግሌው «በስመ አብ» ብለው አማተቡና በደንብ እንዲሰሙ ጆሯቸውን አስጠጉ። አዴ ጫልቱ ግን እንስራዋን አቅፋ በሳቅ ተንፈራፈረች። «ሜ ዱበዳ! እስኪ ተናገሩ እንጂ፣ ምነው ዝም አላችሁ!»

«እናንተን የያዛችሁ የእኔ በሽታ አይደለም» አሉ እትዬ የሺ። «የእኔ ሥራ ነው።»

ጋሼ ተክሌ ቀስ ብሎ ገባቸው። በገባቸውም ጊዜ ያን የተፈራውን ቃል አወጡት። «እንግዲያ... አርጠሻል ማለት ነው?»

ወርቁ ብቻ ፊቱ ፈካ። እትዬ የሺ ካገቡ ጀምሮ ባላቸውን «እርስዎ» ሲሉ ነው የማውቀው፤ ያን ቀን ግን «አንተ» አሉ።

«አዎ፣ እያረጥኩ ነው። ልጅ አልሰጠሁህም፤ ከእንግዲህም አልሰጥህም። ጠጁን የሚጥልልህ፣ ጋኑን የሚያጥብልህ ካለህ ግን ይኸው።» ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ ጣሉት።

ጋሼ ተክሌ ቁልፉን አዩት። እጃቸውን አዩት፤ ግራዋው መዳፋቸውን ልጦታል። ወደ ጋኑ ዞር አሉ፤ ቶሎም ፊታቸውን መለሱ። አልነኩትም። ወርቁ ግን አላስቻለውም፤ ከመደቡ ጎንበስ ብሎ እጁን ሰደደ፤ ጣቱ ሳይደርስ «ወገቤን!» ብሎ እዚያው እንደ ጎበጠ ቀረ። ቀና ያደረግነው ለሦስት ሆነን ነው።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ቁልፍሽን አንሺ» አሉ። «እግረ መንገድሽንም ትቀጂልኛለሽ።»

«አነሣለሁ። የሚቀዳው ግን እሱ ነው» አሉና እትዬ የሺ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ጋሼ ተክሌ ወገባቸውን ይዘው ተነሡ።

መድኃኒቱስ ትሉኝ ይሆናል። መድኃኒት አልነበረውም። አዴ ጫልቱ ያን ቀን ማሩን ስታስረክብ ያለቻቸው ይህን ነው፤ «እሱ ክረምት ነው፤ እኔም አልፎብኛል። ሲሞቅሽ ክፈቺ፣ ሲበርድሽ ልበሺ፣ ሲደክምሽ ተቀመጪ።» ይህ ሁሉ ሊቅ ተሰብስቦ፣ «ሲደክምሽ ተቀመጪ» ያላቸው ሰው አልነበረም። እትዬ የሺም ጠጅ ቤቱ ግድግዳ ላይ መስኮት አስበጁ፤ ከሥሩ መቀመጫ አስቀመጡ፤ እርጥብ ጨርቅ ማጅራታቸው ላይ ጣል አድርገው ከዚያ ሆነው ያዛሉ። ጋን የምታጥብ ሴት ቀጠሩ። ሙቀቱ ሲመጣ መስኮቱን ወለል ነው። ጠጪው ሁሉ «ኧረ ብርድ ገባ!» ሲል፣ «በሩም ክፍት ነው» ይሉታል። የወጣ ሰው አላየሁም። እኔም ጋቢዬን ይዤ መሄድ ለመድኩ።

ያች «ለሥራ የምታግዝ» ልጅስ? አልመጣችም። ጋሼ ተክሌ ሰው ፊት ስለ ነገሩ አንስተው አያውቁም። ወርቁ ወገቡ ሲፈታለት ወደ ቡሬ ተመለሰ። ድሬሰሩ ግን ያኔም «በበኩሌ ወባ ነው» ይል ነበር፤ የተማረ ሰው አንዴ ያለውን አይለውጥም።

እኔ በሥራ ምክንያት ወደ በደሌ ሄድኩና ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን፣ ቀኑ ዝናብ ነበር ልበል እንጂ አልምልም፣ ቡና የጫነ ትሬንታ ኳትሮ ከመቱ መጥቶ ጭቃ ያዘው። ሾፌሩ እስኪወጣለት ከደጃችን ሲጠለል እትዬ የሺን ጠየቅሁት።

«ኧረ እሳቸው ደህና ናቸው፤ ያ ላባቸውም ድሮ ቀረ» አለኝ። «የታመሙት ጋሼ ተክሌ ናቸው። ይደክማቸዋል፤ ከወንበር መነሣት አቅቷቸዋል። ወባ ነው ተብሏል።»

«ድሬሰሩ ነዋ ያለው?»

«ምን ድሬሰር አመጣህ! እትዬ የሺ ናቸው እንጂ። አየር ይለውጡ ብለው በገዛ መኪናዬ ነው ወደ ጎሬ ያስጫኗቸው። ቆመው ሲያሰናብቷቸው ቁልፉ መቀነታቸው ላይ ሲንቃጨል እሰማው ነበር።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ከመቱ የሰማሁት ነገር የለም። ጎሬ ጉሙና ብርዱ ኃይለኛ ነው። ጋቢ ደርበውላቸው እንደሆነ ሾፌሩን ሳልጠይቀው መኪናው ወጣለትና ሄደ።