ፎቶ ላይ የሌለ አልተራመደም

የመርካቶ ሰው ለመራመድ ማኅበር ያስፈልገዋል ቢባል ማን ያምናል? ከተክለ ሃይማኖት እስከ ራጉኤል በተሸካሚና በጋሪ መሃል እየተሹለከለከ ጣቃ ጨርቅ ተሸክሞ የተመለሰ ሰው ተራራ ከወጣ በምን ያንሳል? ግን አይቆጠርለትም። ቲሸርት አልለበሰማ።

እኛ የራጉኤል አካባቢ ነጋዴዎች ቲሸርቱን አሳትመን የእሁድ እግር ጉዞ ማኅበር አቋቋምን። ሊቀ መንበራችን ቆርቆሮ አስመጪው አቶ ታደለ ናቸው። እኔ ጨርቅ ሻጩ፣ ካሜራ ስላለኝ ብቻ ፎቶ አንሺ ተባልኩ። ሹመቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ በማኅበራችን ስም አይጠራም፣ ፎቶ ነው የሚታየው። ሦስት እሁድ ፎቶ ላይ ያልተገኘ ይሰረዛል። ደረሰኝ ቁረጥ ሲሉት ሆዱን የሚቆርጠው ነጋዴ ሁሉ ለእግሩ ሲሆን ደረሰኝ ወደደ።

አካሄዳችን እንዲህ ነው። ሽሮ ሜዳ ተሰብስበን አንድ ፎቶ እንነሳለን። ጥቂት እንደተራመድን ለአቅመ ደካሞች የተከራየነው ሚኒባስ ከኋላ ይደርስብናል፤ ያኔ ሁላችንም አቅመ ደካማ እንሆናለን። እንጦጦ ጫፍ ላይ ወርደን፣ ላብ እንዲመስል ግንባራችንን በታሸገ ውሃ አርሰን፣ እጃችንን ወደ ሰማይ ዘርግተን ሁለተኛውን እንነሳለን። ከዚያ ቁርስ ነው።

የምር የሚራመዱት ቅመም ሻጩ ጋሽ ሽኩር ብቻ ነበሩ። ስኳር አለባቸው፤ ሐኪም ተራመድ ብሏቸዋል። ብቻዬን ከሆንኩ ሱቄን ትቼ አልወጣም፣ ሰው ሲጠብቀኝ ነው የምወጣው ይሉ ነበር። እሳቸው ፎቶው ሳይጀመር መንገድ ይጀምራሉ፤ ጫፍ ሲደርሱ እኛ ቁርሱን አጋምሰናል።

ባለፈው ወር ስብሰባ ላይ ስማቸው ለስረዛ ቀረበ።

«ሦስት እሁድ የሉም» አሉ አቶ ታደለ፣ ፎቶዎቹን እያገላበጡ።

«ወላሂ፣ መንገድ ላይ አልፋችሁኝ ሄዳችሁ የለ? አንተም ከፊት ወንበር ሆነህ እጅህን አውለበለብክልኝ» አሉ ጋሽ ሽኩር።

ዝም አይነቅዝም ብዬ ልቀመጥ ስል ጋሽ ሽኩር ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ በመስኮት በስልክህ ስታነሳኝ አይቼሃለሁ። እስቲ አውጣው።»

ፎቶው ስልኬ ውስጥ ነበር። ጋሽ ሽኩር ሱሪያቸውን ሰብስበው አቀበቱን ሲወጡ ይታያሉ፤ ጥግ ላይ ደግሞ በሚኒባሱ ስፖኪዮ ውስጥ ሊቀ መንበራችን ሳምቡሳ ሲገምጡ። ፈራሁ። እውነቱን ልናገር፣ ከእሳቸው ቆርቆሮ ይልቅ የራሴን የሚኒባስ ወንበር ነው የፈራሁት፤ እኔስ ከየት ሆኜ ነው ያነሳሁት? ስፖኪዮውን ቆረጥኩና የቀረውን አሳየሁ።

አቶ ታደለ ስልኩን ተቀበሉኝ። «ብቻዎን ነዎት» አሉ። ስረዛው ቀረና ለጋሽ ሽኩር ከቡድን ተነጥሎ በመሄድ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። እኛም አጨበጨብን።

ጋሽ ሽኩር ፎቶውን አስጠግተው ተመለከቱት፤ ዓይናቸው የተቆረጠው ጥግ ላይ ቆየ። «ልጄ፣ ጨርቅ ስትቆርጥም እንዲህ ነህ?» አሉኝና ወጡ። ከዚያ ወዲህ አልመጡም። እሁድ ወደ ሽሮ ሜዳ ስናልፍ ሱቃቸው በር ላይ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው አያቸዋለሁ፤ እግራቸው ማበጥ ጀምሯል አሉ።

ማኅበራችን ደህና ነው፤ አባላቱም ጨምረዋል። ያ ፎቶ ከነስፖኪዮው አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ፤ አላጠፋሁትም፣ አላሳየሁትምም። ካነሳኋቸው የእግር ጉዞ ፎቶዎች ሁሉ ሰው የሚራመድበት እሱ ብቻ ነው።